ፊት አስገላጩ ይገዙ

ይገዙ በቀበሌያችን የታወቀው በዕውቀቱ አይደለም፤ አምስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ደግሞ ያቋረጠ ሰው ነው። የታወቀው በጠመንጃው ነው፤ ለዚያም ቢሆን ጥይት አምነው አልሰጡትም ነበር። በ1970 ዓ.ም. «በአውቶቡስ ውስጥ ፊት መሸፈን ክልክል ነው፤ ፀረ አብዮተኛ ይደበቅበታል» የሚል ትእዛዝ ሲወጣ አስፈጻሚ ሆኖ ተመደበ። ከዚያ ወዲህ ከኮልፌ ወደ አየር ጤና በሚሄደው አውቶቡስ በር ላይ ተገትሮ፣ የተከናነበውን ሁሉ «ግለጥ! ግለጪ!» ሲል ይውላል። እኛም የተማርነው ሳንቀር እንደ በግ ታዝዘን እንገልጣለን።

መንገዱ በከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ በቆሼ በኩል ያልፋል። እዚያ ሲደርስ አፍንጫውን የማይሸፍን ፍጡር የለም፤ ይገዙ ግን ይህንንም ከለከለ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ጥርሳቸውን ታመው ጉንጫቸውን በነጠላ ቢጠቀልሉ፣ እዚያው ግማቱ መሐል አስወረዳቸው።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ካድሬ መጥተው ከፊተኛው ወንበር ተቀመጡ። ይገዙ የጥበቃ ጓድ መሪነት ለማግኘት ለወራት ደጅ የጠናው እኚህን ሰው ነበር፤ ዛሬ ሥራውን አይተው ሊወስኑለት ነው። ደረቱን ነፍቶ ሁላችንንም አስገለጠን።

ቆሼ ስንደርስ ሽታው በመስኮት ገባ። ካድሬው መሃረባቸውን አውጥተው እስከ ዓይናቸው ተሸፈኑ።

ይገዙ የአውቶቡሱን ጣሪያ መመርመር ያዘ።

«አንተ ይገዙ!» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከኋላ። «ሕጉ ለጥርስ ሕመምተኛ ብቻ ነው እንዴ?»

«ዝም ይበሉ እማማ! ጓድ አልተሸፈኑም። ላባቸውን እየጠረጉ ነው።»

«አፍንጫቸውን ነው የሚያልባቸው?» አለ ጨርቅ ነጋዴው ጀላል።

የአውቶቡሱ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው ተነሡ፤ መሃረቡን ግን አላወረዱም።

«ሹፌር፣ አቁም! ይህን መሳቂያ ያደረገኝን ደንቆሮ አውርድልኝ።»

ይገዙ ወይዘሮ ወለተጻድቅን ባወረደበት ቦታ ወረደ። ሹመቱም ጠመንጃውም በዚያው ቀሩ።

ከሳምንት በኋላ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ተሳፈረ። ትእዛዙ ገና አልተሻረም፤ «ግለጥ» ያለው ግን አልነበረም። ያንን ፊት ለማየት የጓጓ ማን አለ?