ለእህት ቨርና የተያዘ የጸሎት ርዕስ

ቨርና ታትል ምሥራቅ ቴነሲ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ሃያ ስምንት ዓመት ሁለት ክፍል አስተምራለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ፣ እሁድ ጠዋት ደግሞ በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያኗ የልጆች ሰንበት ትምህርት። ዝግመተ ለውጥን ሰኞ አስተምራ እሁድ የምትሸሽግ ሴት አልነበረችም። ልጆቹ ሲጠይቋት «እግዚአብሔር ፈጠረ፤ ግን አልተቻኮለም» ትላቸዋለች። ከወንዝ ዳር የለቀመችውን ቅሪተ አካልም በመዳፋቸው ታስይዛቸዋለች።

ይህ ለዲያቆን ሃርላን ፕሩዊት አልተዋጠለትም። ወንድ ቢሆን ቤቷ ሄዶ በነገራት ነበር። እሱ ግን የጸሎት ርዕስ አደረጋት። እዚያ አገር ሰውን ፊት ለፊት መውቀስ ነውር ነው፤ በጉባኤ መካከል ስሙን ጠርቶ «ጸልዩለት» ማለት ግን ፍቅር ይባላል። ፍቅር! እንዲህ ያለውን ፍቅር ለጠላትም አይስጥ።

ረቡዕ ነበር። ምእመናኑ የተጠበሰ ዶሮና የበቆሎ ዳቦ አብረው በልተው ለጸሎት ተቀመጡ። የአንዱ ጉልበት፣ የሌላዋ የልብ ሕመም ተነገረ። ከዚያ ሃርላን ተነሣ።

«ለእህት ቨርና እንድትጸልዩ እለምናችኋለሁ» አለ ድምፁን አለስልሶ። «ጠላት አእምሮዋን ይዞታል። ልጆቻችንን ከዝንጀሮ መጣችሁ እያለች ነው። ጌታ እስኪመልሳት የሰንበት ትምህርት ክፍሉን ለሌላ ሰው ብንሰጠው...»

የቨርና ደም ፈላ።

«አንተ ሃርላን፣ እዚሁ ተቀምጬ አይደል እንዴ? ምነው የሞትኩ ይመስል ታወራብኛለህ? ከዝንጀሮ መጣችሁ ብዬ አላውቅም። አንተንም ባዮሎጂ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ ያኔም ተኝተህ ነበር!»

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«እህቴ፣ በፍቅር ነው እኮ» አለ ፓስተር ድዋይት።

«ፍቅራችሁንማ አውቀዋለሁ! ጃኔልን ያሳጣኝ እሱ ነው። ልጄ ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እዚያ መድረክ ላይ ቆመህ፣ ወይ መጽሐፍ ቅዱስን ወይ ሳይንሱን ምረጡ አልካቸው። መረጠቻ! ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠችም። ከጌታ ቤት ያስወጣት ዝግመተ ለውጥ አይደለም፤ አንተ ነህ! ልጆቹን ምረጡ የማልላቸው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔንም ልታባርሩ ነው?»

ፓስተሩ ፊቱ ቀላ። ወደለመደው ነገርም ሸሸ።

«ሁላችሁም አንገታችሁን ደፍታችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ክፍሉ ለሌላ ይሰጥ የምትሉ፣ እጃችሁን አንሡ።»

ይህ ልማድ የተጀመረው ኃጢአተኛ፣ ሌላ ሰው ሳያየው፣ ንስሐ እንዲገባ ነበር። ያን ቀን ግን ወዳጅ ወዳጁን ሳያፍር እንዲክድ አገለገለ።

ቨርና ዕድሜዋን ሙሉ ጨፍኑ ሲሏት ስትጨፍን ኖራለች። አሁን ግን ከንዴቷ ብዛት እንቢ አለች። እጆች አንድ በአንድ ሲነሡ አየች። አጠገቧ የተቀመጠችው ኦፓል የአርባ ዓመት ጓደኛዋ ናት፤ ጃኔል የሄደች ጊዜ አብራት ሌሊቱን ሙሉ ያለቀሰች ሴት። የኦፓል እጅም ቀስ ብሎ እስከ ትከሻዋ ድረስ ከፍ አለ።

«አሜን። ተወስኗል» አለ ፓስተሩ።

ኦፓል ዓይኗን ገልጣ የቨርናን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«አይዞሽ የኔ እህት፤ ሁሉም ቢከዳሽ እኔ አለሁልሽ።»

ቨርና እጇን መንጭቃ ወሰደች።

«ኦፓል፣ እኔ እኮ ዓይኔን አልጨፈንኩም።»