ቁልፍ የተከለከለው በር

ባለፈው ጁምዓ ከቀትር በኋላ... ሳሎናችን ውስጥ የሶላሩ ባትሪ በእሳት ተያያዘ።

እኔና ባለቤቴ ሩቂያ ከሱቅ እየተመለስን ነበር። ካርቱም ሁለት ሰፈር ያለው ቤታችን ደርሰን የግቢውን በር ስንከፍት፣ በሳሎኑ መስኮት ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል። የሩቂያ እናት፣ እማማ ከዲጃ፣ ውስጥ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ መኝታቸው ደግሞ ከሳሎኑ ቀጥሎ ነው።

«እማዬ!» ብላ ሩቂያ ጮኸች።

እዚህ ላይ ስለ በሩ ልንገራችሁ። ከጦርነቱ በኋላ ስንመለስ የውስጥ በሮቻችን ከነመቃናቸው ተነቅለው ተወስደዋል። የጎረቤቱም እንደዚያው። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ የብረት በር አስበየደ፤ ሰው መኝታ ክፍሉን ከውስጥ በጓጉንቸር ቆልፎ፣ ቁልፉን ትራሱ ሥር ደብቆ መተኛት ለመደ።

የእማማ ክፍል ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ ሳሎን፣ ሌላው በማድ ቤት አልፎ ወደ ጓሮ ያወጣል። በያጁ በክሪ የማድ ቤቱን በር በይዶ ሊደፍነው ፈለገ። ሩቂያ እምቢ አለች።

«እንግዲያው ጓጉንቸር ላድርግበት።»

«እሱም አይሆንም! እናቴ በጭስ ውስጥ ቁልፍ ስትፈልግ ልትሞት ነው? ከውስጥ በእጅ የሚሳብ መቀርቀሪያ አድርግልኝ።»

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ሐራሚው ሌባ በፍርግርጉ እጁን አስገብቶ ይከፍተዋላ!»

«ፍርግርግ ማን አለህ? ሁለቱንም በር ድፍን ላሜራ አልብሳቸው።»

ጋዜጣ ላይ ስለምጽፍ «ኡስታዝ» የሚለኝ በክሪ ወደ እኔ ዞረ። «ያ ኡስታዝ፣ በር የምንሠራው ለሌባ ነው ለእሳት?»

«ለእናቴ ነው!» አለች፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

በሩ ከተገጠመ በኋላ እናቷን ዓይናቸውን አስጨፍና ታለማምዳቸው ጀመር። «ያላ፣ ቶሎ እማዬ፣ አሁንም አንዴ!» ትላለች። እሳቸው «ልጄ፣ በስተርጅና ወታደር ልታደርጊኝ ነው?» እያሉ መቀርቀሪያውን ይስባሉ።

ወደ ጁምዓው ልመለስ። ጎረቤት ተረባርቦ እሳቱን በአሸዋ ሲያፍን፣ እኛ ዞረን ወደ ጓሮ ሮጥን።

እማማ ከጓሮው ዛፍ ጥላ ሥር ቆመዋል። መቁጠሪያ ሙስባሃቸው በእጃቸው ነው።

«ጭሱ ሲሸተኝ ወጣሁ» አሏት ልጃቸውን። «ዛሬስ ‹ያላ› የሚለኝም አላስፈለገኝ።»

ሩቂያ እግራቸው ሥር ዘጭ አለች... ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። ሳሎኑ ከላይ እስከ ታች ጠቁሯል። በተዘጋው ድፍን በር ማዶ ግን የእማማ ነጭ አልጋ ልብስ እንደ ነጣ ነው።

በማግስቱ በክሪ መለኪያውን ይዞ መጣ። «ወላሂ፣ ሰፈሩ ሁሉ ‹ባብ ሩቂያ› ሥራልን እያለ ነው» አለን። የሩቂያ በር ማለቱ ነው።

ዛሬ ዳቦ ልገዛ ስወጣ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ አስቆሙኝ። «የዚያች የባለ በሯ ባል አንተ ነህ?»

ዕድሜ ልኬን ስሜ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ኖሯል... እንደዚህ ደረቴን ነፍቼ «አዎን፣ እኔው ነኝ!» ያልኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።