«ሸሹ» ብዬ የጻፍሁባቸው ጉግሰኛ

ሥራ በጀመርሁ ቀን የስፖርት አዘጋጁ አንድ ደብተርና መቅረጸ ድምፅ ሰጥቶ፣ «ወረታ ትቀመጣለህ። ኳስ ከሌለ የባህል ስፖርት ፈልግ። ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ፣ በቃ» አለኝ። ከኳስ በቀር የማውቀው ጨዋታ አልነበረም። እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርሁት።

የሬዲዮ ጣቢያችን የወረታ ዘጋቢ እኔ ብቻ ነበርሁ። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ከሚገናኙበት አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪናና የባጃጅ ጥሩምባ እሰማለሁ፤ በስሜ የሚጠራኝ ሰው ግን አልነበረም። ብቸኝነቱ ከብዶኝ ነበር። ሰው መቅረብ ስለማፍር፣ «ጋዜጠኛ ገለልተኛ መሆን አለበት» እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር።

በጥምቀት ማግስት ፎገራ ሜዳ ላይ ጉግስ አለ ተባለ። ሩዙ ታጭዶ መሬቱ ደርቋል። ፈረሰኞቹ ለሁለት ተከፍለው ቆመዋል፤ ተመልካቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቷል። እኔ ራቅ ብዬ ብቻዬን ቆምሁ።

አንደኛው ወገን ፈረሱን አዙሮ ጋለበ፤ ሌላው ዘንግ እየወረወረ ተከተለው። ከሚባረሩት ውስጥ ጎልተው የታዩኝ ሃምሳን የተሻገሩ ገበሬ ነበሩ። ሰዉ «አያ ደሴ» ሲላቸው ሰምቼ ስማቸውን ጻፍሁ። ጋሻቸውን ጀርባቸው ላይ አድርገው፣ ፈረሱ አንገት ላይ ተለጥፈው ነጎዱ። አንድም ዘንግ አልነካቸውም። የቀትር ዜና ሊያመልጠኝ ስለነበር ያ ዙር እንዳለቀ ባጃጅ ይዤ ሄድሁ።

«አያ ደሴ ጀርባቸውን ሰጥተው ሸሹ፤ ወገናቸውም ተሸነፈ» ብዬ ላክሁ። ተነበበ፤ የወረታ ሻይ ቤት ሁሉ ሰማው።

በሦስተኛው ቀን የክፍሌ በር ተንኳኳ። ወረታ ከገባሁ ጀምሮ የመጀመሪያው እንግዳዬ አያ ደሴ ነበሩ።

«ሸሸ ያልኸኝ አንተ ነህ?» አሉኝ። አልተቆጡም።

«አዎ አያ። ሲሸሹ አይቻለሁ።»

«ተራዬ ነዋ ልጄ። ጉግስ ላይ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል። ዘንግ ሳይነካው የወጣ ነው የሚሞገሰው። ከዚያ ዞረን እኛ አባረርናቸው። አላየህም?»

«ሄጄ ነበር።»

«ታዲያ የቀረውን ማንን ጠየቅህ?»

የጠየቅሁት ሰው አልነበረም።

«ሜዳው ላይ የነበረ ያውቃል» አሉ። «ሬዲዮ የሰማው ግን ይበዛል። ሴት ልጄን ገበያ ላይ ‹አባትሽ ከማን ነው የሸሸ?› እያሉ ይስቁባታል።»

አዘጋጁ ጋ ደውዬ እርማት እንዲነበብ ጠየቅሁ። «ለጉግስ እርማት? ተወው እባክህ» አለኝ። ስወተውተው ከረምሁና አንድ መስመር ተነበበ፤ ሰዉ ማሳ ላይ በሚውልበት ሰዓት።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው አያ ደሴ ቤት መሄድ ጀመርሁ። ደጃፋቸው ተቀምጠው ጋሻ አያያዙን፣ የፈረስ አዟዟሩን አስረዱኝ። «የሚባረረውን ሰውዬ አትይ፤ የፈረሱን ጆሮ እይ። ከኋላ የሚመጣውን ቀድሞ የሚሰማ እሱ ነው» አሉኝ። ሁሉንም በደብተሬ ጻፍሁ። የፈለግሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ተመልሰው ሲጋልቡ ማየት።

በዓመቱ ጉግስ ሲመጣ ፈረሳቸውን ወንድማቸው ጋለበው። እሳቸው አጠገቤ ቆሙ።

«ለምን አልገቡም አያ?» አልኋቸው።

«ብገባ የመሸሽ ተራዬ ይመጣል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ። «ያን ጊዜ ይስቃሉ።»

ዛሬ ስለ ጉግስ ስጽፍ የሚያርመኝ የለም። የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ አያ ደሴ ናቸው። እሳቸው ግን ዳግመኛ ጉግስ አልገቡም። ጨዋታውን ካላወቃችሁ ተጫዋቹን ጠይቁ፤ ሳያልቅም ከሜዳ አትውጡ።