ከላይ የተነሳው ፎቶ

ሰበታ የገባነው አዲስ አበባ ላይ የቤት ኪራይ አልቀመስ ሲለን ነው። እናቴና እኔ፣ ሁለት ፍራሽና አንድ የስፌት መኪና ይዘን፣ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየን። ባለቤቱን «ኦቦ»፣ ጋሼ እንደማለት፣ ነበር የምላቸው፤ እሳቸው ደግሞ «ኢንታላ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉኝ ነበር። አማርኛ እንደ ውሃ ይችላሉ፤ ለእኔ ግን አይናገሩትም። «ኦሮምኛ ሳትለምጂ ከኔ ጉድጓድ ውሃ አትቀጂም» እያሉ በቀልድ አስተማሩኝ። ሚስታቸው ሞተው የቀራቸው አንድ ወንድ ልጅ ነበር፤ የእኔ እኩያ። አብረን አደግን፣ ትምህርት ቤትም ክፍላችን አንድ ነበር። የምተርከው ስለ እሱ ነው። ስለ ራሴም ነው፣ ምን ይደረግ።

ነገሩ የጀመረው በስኳር ነው። ባለሱቁ ስኳር የሚጠቀልለው በአሮጌ የፈረንጅ መጽሔት ነበርና አንድ ቀን የተላክሁትን ግማሽ ኪሎ ስፈታ ወረቀቱ ላይ አንድ ጉድ አየሁ። ጥቁር ሰማይ ላይ የተንሳፈፈ፣ ቱቦ በቱቦ የተቀጣጠለ፣ ግራና ቀኝ ሰማያዊ ክንፍ የዘረጋ ብረት። ሮጬ ለጓደኛዬ አሳየሁት። በማግስቱ የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅናቸው።

«የጠፈር ጣቢያ ነው። ሰው ይኖርበታል» አሉን።

«አሁን? አሁን ውስጡ ሰው አለ?» አልኩ።

«አዎ፣ አሁን። እኔ አንቺን ስቆጣ እነሱ በላያችን ያልፋሉ። ቁጭ በይ!»

ከዚያ ቀን ወዲያ እኛ ሰው አልሆንንም። ሰማይ ሰማይ ስናይ እኔ ቦይ ገባሁ፣ እሱ ከአጥር ጋር ተላተመ። ከዚያ ጣቢያውን ሠራነው። የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ የለቀምነው ስሪንጅ (እናቴ ብታውቅ ትገድለኝ ነበር)፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ የጃንጥላ ሽቦ። ለክንፉ ካርቦን ወረቀት፣ ለገላው የሲጋራ ብርማ ወረቀት። አንደኛው ጣሳ አልጣበቅ ብሎ ሦስቴ ወደቀ። ተናድጄ በእግሬ ጨፈለቅሁት፤ እሱ ምንም ሳይለኝ በመዶሻ አቃናው። እኔ ያኔም ቁጡ ነበርኩ፣ እሱ ያኔም ዝምተኛ ነበር።

ፎቶ ማንሳቱ የእሱ ሐሳብ ነው። ከተማ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት እየተላላከ ይሠራ ስለነበር፣ ባለቤቱ ከስንት ልመና በኋላ ካሜራውንና ፊልሙ ላይ የቀሩትን አራት ፎቶዎች ፈቀዱለት። ሰማይ ግን አልነበረንም። የእናቴን የሐዘን ቀሚስ አውጥተን መስኮቱ ላይ ሰቀልነው፤ እኔ በመርፌ በሳሁት፣ በቀዳዳው የገባው የቀን ብርሃን ኮከብ ሆነ። እናቴ ስትመጣ ሁለታችንም የሚገባንን ቀመስን። ፎቶው ግን አቤት ሲያምር! ባለፎቶ ቤቱ አሳጥበው መስታወታቸው ላይ ለጠፉት። አንዱ መንገደኛ ቆሞ አየና «ይሄ ኮንዶሚኒየም የት ሳይት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሳምንት ሙሉ ስንስቅ ከረምን።

ከዚያ ወዲህ የጓደኛዬ ነገር ሁሉ ከላይ ማየት ሆነ። ኢንተርኔት ቤት እየሄደ ከጠፈር ጣቢያው የተነሱ የምድር ፎቶዎች ላይ አፍጥጦ ይውላል። ወጨጫ ተራራ ላይ ወጥቶ ሰበታን ያነሳል። የትኛው ጣሪያ የማን እንደሆነ፣ ወንዙ የት ላይ እንደሚታጠፍ በቃሉ ያውቀዋል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነበር፤ ከዚያ ከፍታ ላይ አጥር አይታይም። «ማንም ማንንም አይነካ፣ እንዴት ደስ ይላል!» እል ነበር። አጥር ካልታየ ሰውም እንደማይታይ አላሰብኩም፤ ልጅ ነበርኩ።

ያ ጣሳ በኋላ እንጀራ ሆነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የንድፍ ቢሮ ሞዴል ሠሪ አድርጎ ቀጠረኝ፤ እናቴን ይዤ ከሰበታ ወጣሁ። ሥራው ሕንጻውንም ከተማውንም አሳንሶ በካርቶን መሥራት ነው። መሬቱን በከተር እየቆረጥሽ ንብብር በንብብር ታነሺዋለሽ፣ መንገዱን ትለጥፊያለሽ፣ ሕንጻውን ትተክያለሽ። ፓርክ የሚሆነው ላይ አረንጓዴ የተነከረ ሰጋቱራ ትነሰንሻለሽ። ጎበዝ ነበርኩ። እጄን ያፍታታው የጠፈር ጣቢያው ነው ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳወራ ያሾፉብኝ ነበር።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ወሬ በየታክሲው በሚወራበት ሰሞን አለቃችን አንድ ትልቅ ሥራ አመጣ። ከላይ የተነሳ የመሬት ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልን። የከተማዋ ዙሪያ ነው፤ የእኔ ድርሻ የሰበታ በኩል ሆነ። ገና ሳየው የወንዙን እጥፋት አወቅሁት። ከእጥፋቱ በላይ ኦቦ ግቢ ያለችውን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ እኛ የኖርንባትን፣ ነጥብ አክላ አየኋት። ንድፉ ላይ ግን እዚያ ቦታ ላይ ቤት የለም። አረንጓዴ ነው።

ተሳስታችኋል አላልኩም። ኦቦ ዘንድ ሄጄም ግቢዎ ላይ እንዲህ ሊደረግ ነው አላልኩም። በኦቦ ግቢ ላይ ሰጋቱራ ነሰነስኩ። ኮላው እንዲይዘው በጣቴ ጫን ጫን አደረግሁት። የባሰው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ሥራው ስላማረልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጓደኛዬ ካሜራውን ሊያስጠግን መርካቶ መጥቶ ወደ እኔ ጎራ አለ። የሰርግ ፎቶ አንሺ ሆኖ ነበር። አለቃችን የለም፣ ዘበኛው ምሳ ሊበላ ወጥቷል፣ ቢሮው ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። «ና ግባ፣ ምን እንደምሠራ ላሳይህ» ብዬ በሩን ከፈትኩለት። መኩራራት አማረኝ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ያ ግቢ ሞዴሉ ላይ እንዳለ ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው። አያውቀውም ብዬ ነው። ማን? እሱ! አፈር ልብላ።

ሞዴሉን አንዴ ዞረው። ከዚያ እንደ ልማዱ ወንበር ስቦ ወጣበትና ከላይ ቁልቁል አየው። በዓይኑ የወንዙን እጥፋት ተከተለ።

«የእኛ ቤት የት አለ?» አለኝ።

«ፓርክ ነው» አልኩ።

«ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሦስት ሳምንት።»

አልተቆጣም። ምነው በተቆጣኝ! ስልኩን አወጣና «መብራት ወደዚህ አድርጊልኝ» አለ። የጠረጴዛውን መብራት አንስቼ፣ ጣሳችንን ስናነሳ እንደማደርገው፣ ከጎን ያዝኩለት። ከላይ አነሳው። አንድ ፎቶ ብቻ።

በማግስቱ ፎቶው በየስልኩ ነበር። ሰው እያጎላ የየራሱን ሰፈር ይፈልግበታል፤ «እኛ የለንም» ይላል። በዚያው ሰሞን መንገዱ ሁሉ ተዘጋ። ቡራዩ ጎማ ተቃጠለ፣ ሱሉልታ መኪና አያልፍም ተባለ፣ ከአየር ጤና ሰበታ የሚሄደው ሚኒባስ ዓለም ገና ላይ እየመለሰ ሰው ያወርድ ጀመር። ተኩስ ነበር። የሞቱ ነበሩ፤ ሁለቱን በዓይን አውቃቸዋለሁ፣ ሰበታ አንድ ጠጅ ቤት አጠገብ ሻንጣ የሚጠግኑ ወንድማማቾች ነበሩ። ፎቶው ይሄን አመጣ አልልም። ሰው የሆዱን በሆዱ ይዞ ኖሯል። ግን ፎቶውም አለበት።

ቢሮ ሁለት ሰዎች መጡ። ሁላችንንም አንድ በአንድ ጠየቁን። ለእኔ የጓደኛዬን ፎቶ አሳዩኝ፤ ቀድሞ የለጠፈው እሱ መሆኑን ደርሰውበታል።

«ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

እንዲህ፣ ሳይተናነቀኝ። መታወቂያዬ የአዲስ አበባ ነው፤ ከሰበታ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር አልነበረም። እናቴም የሰማች ዕለት እግሬ ላይ ወድቃ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እኔ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?» አለችኝ። ኦቦስ ከእሱ ሌላ ማን አላቸው? ይሄን ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ከአራት ቀን በኋላ አለቃችን ሰበሰበንና «ሌባው ተይዟል። በመስኮት ነው የገባሁት ብሎ አምኗል» አለን። ሁላችንም ዞረን መስኮቱን አየነው። ብረት ነበረው፤ ድመት አያሳልፍም። አለቃችንም አየው። ወደየሥራችን ተመለስን።

በየእሁዱ ከኦቦ ጋር ስንቅ ላቀብል መሄድ ጀመርኩ። ሰው ባልቀረባቸው፣ ዘመድም ፈርቶ በሸሻቸው ሰዓት እኔ ምግቡን አብስዬ፣ ምሳ ዕቃውን ተሸክሜ ከአዲስ አበባ እመጣለሁ። እስር ቤቱ በር ድረስ ግን አልሄድም፤ አላውቀውም ብያለሁና መታጠፊያው ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ እቆማለሁ። ኦቦ ወጣት ስለሆንኩ የፈራሁ መሰላቸው። አድርሰው ሲመለሱ ያቺን ጎባጣ ወገባቸውን አቅንተው፣ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ መንገድ ላይ ይመርቁኛል። «ዋቃ ያክብርሽ፤ ወልደሽ ሳሚ፤ ክፉ አይንካሽ፤ ለልጄ እንደሆንሽለት ሰው አይጥፋሽ።» ልጃቸው ገባበት የተባለውን ቢሮ ስም አልነገሯቸውም፤ እኔ ካርቶን የምቆርጥበት ቢሮ መሆኑን አያውቁም ነበር። እኔ ደግሞ በየእሁዱ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እወጣለሁ፤ አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። አለቃችን ሞዴሉን ከግቢው ጀርባ አስጥሎ አስቃጠለው፤ ሰጋቱራው ቶሎ ተያያዘ። ጓደኛዬ የተፈታው ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ነው።

ልጠይቀው ሰበታ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከስቷል። ልስመው ስጠጋ የቀኝ ክንዱ ከደረቱ በላይ አልነሳ አለው። ካሜራ ዓይን ድረስ አይደርስም ማለት ነው። ኦቦ ወተት አመጡልኝና ከጎናችን ተቀመጡ።

ስለ እስሩ ያወራን ግን እየሳቀ ነበር። አንዲት ክፍል ውስጥ ታጭቀው ስለነበር እንደ ጠፈር ጣቢያ አድርጎ አከፋፈላቸው፤ የሚተኛበት፣ ተራ የሚጠበቅበት፣ አየር የሚወሰድበት። «አሁን ሕንድ ላይ ነን፣ አሁን ባሕር ገባን» እያለ ያስጉዛቸዋል። እዚያ ላይ ፀሐይ በቀን አሥራ ስድስት ጊዜ ትወጣለች ብሎ ነግሯቸው፣ አንድ ሽማግሌ «ታዲያ የእኛ ፍርድ በሦስት ቀን ያልቃላ!» አሉት። ኦቦም ሳቁ።

«ክንድህስ?» አልኩት።

«መስኮቱ ብረት እንዳለው ረስቼ ነበር» አለኝ። «እነሱ አልረሱም። አንድ ብረት ያለው መስኮት ጋ ወሰዱኝና እንዴት እንዳለፍክ አሳየን አሉኝ።»

ኦቦ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው ማጣት ነው፣ ልጄ» አሉ። «እዚያ ቢሮ አንድ ሰው ቢኖርህ በሩን ይከፍትልህ ነበር።»

«አባዬ፣ ተወው» አለ ጓደኛዬ ቶሎ ብሎ። ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ ዝም በይ!

አልቻልኩም። «እኔ ነኝ የከፈትኩለት» አልኩ። «ቢሮው እኔ የምሠራበት ነው። በሩን እኔ ከፈትኩ፣ መብራቱንም እኔ ያዝኩለት። ሲጠይቁኝ አላውቀውም አልኩ።»

ዶሮ ይጩህ አይጩህ እንኳ አላስታውስም። ኦቦ ልጃቸውን አዩት፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። እኔን አዩኝ። የተቆጡ አልመሰሉኝም፤ አንድ ነገር እንደጠፋበት ሰው ፊታቸው ላይ ፍለጋ ነበር።

«በየእሁዱ ስመርቅሽ...» አሉ። «አሜን ትዪ ነበር።»

«አዎ» አልኩ። «አሜን እል ነበር።»

ተነሱ። ወተቱን ከእጄ ተቀበሉኝ፤ ገና አልጠጣሁትም ነበር። ሄደው የግቢውን በር ከፈቱና እስክወጣ ድረስ ይዘውት ቆሙ።