ተከራይዋ እኔ ነኝ

የድለላ ሥራ የጀመርኩት መቱ ውስጥ፣ በሐምሌ ዝናብ ነው። ባለቤቴ ወንድሙ የቤት ደላላ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለ ሰርቪስ ክፍል ለአንዲት ነርስ ሊያሳይ ሲወጣ "ተነሺ፣ አብረን እንሂድ" አለኝ።

"እስኪያባራ አንጠብቅም?"

"ካባራማ ምኑን ታያለሽ? ቤት የሚታየው ዛሬ ነው።"

ክፍሉ ውስጥ ገብተን ቆምን። ወንድሙ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ፤ የግድግዳውን ግርጌ በመዳፉ ዳሰሰ። ጥግ ላይ ውኃ ጠብ ማለት ጀመረ። አከራዩ "ትንሽ ናት" አሉ። ነርሷ "ትንሽ ናት፣ ግን አልጋዬ ላይ ናት" ብላ ሳቀች። አልተከራየችውም። ወንድሙ አልተቆጨም፤ ነርሷ ቆየት ብላ ቤት የምትፈልግ ጓደኛዋን ይዛልን መጣች።

ከዚያ ወዲያ አብረን ሠራን። እሱ ከአከራይ ጋር ይነጋገራል፤ እኔ የመጸዳጃውን፣ የውኃውንና የቆጣሪውን ነገር አጣራለሁ። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ በኋላ መምህራን በዙልን። የአከራዮች የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ያው ነበር፤ "ኮጳ ኬ ሞ?" ብቻህን ነህ ወይ? ማለታቸው ነው። ለብቻው የሚኖር ወንድ እንግዳ ያበዛል ይላሉ። ዕድሜዋ የገፋ ብቸኛ ሴት ደግሞ ብትታመም የሚያነሳት የለም፣ ብትሞት የለቅሶው ድንኳን የሚጣለው በእነሱ ግቢ ነው። ይህን ለደንበኛ በግልጽ አንናገርም። "ለቤተሰብ ነው የሚፈልጉት" እንላለን።

ዕድሜያችን ከገፋ በኋላ ወንድሙ ሞተ። ልጅ አልነበረንም። እኛ ራሳችን ተከራይተን የምንኖርበት ቤት ባለቤቶች ተዝካሩ እስኪያልፍ ጠብቀው፣ ቤቱን ለሚያገባው ልጃቸው እንደፈለጉት ነገሩኝ። ደላላ ሆኜ ቤት አላጣም ብዬ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ገበያው አጠገብ ሱቅ ወዳላቸው ወደ ጋሼ ሙዘይን ነው። ብዙ ተከራይ አምጥተንላቸዋል። ቁልፍ ይዘው ወጡና ከኋላዬ አማተሩ።

"ተከራዩ የታለ?"

"ተከራይዋ እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

ቁልፉን በእጃቸው አገላበጡት። "አላህ ያጽናሽ። አንቺማ የቤት ሰው ነሽ። ግን ይሄን እንኳ... ለቤተሰብ ነው የምፈልገው።"

"ገባኝ" አልኩ። ንግግሩን ከእሳቸው ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።

ሌላዋ አከራይ ክፍሉ ተይዟል አሉኝ። ከሳምንታት በኋላ ሳልፍ ያው ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ጎሬ ድረስ ወጥቼ አንድ ክፍል አየሁ፤ አልወደድኩትም። በሚኒባስ ስመለስ "መስኮቱ ጠባብ ነው፣ አይደል?" ብዬ እንደ ልማዴ ወደ ጎኔ ዞርኩ።

"የቱ መስኮት?" አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው የማላውቀው ሰው።

መጨረሻ ላይ ወደ ጎሬ መውጫ የሚኖሩ እትዬ ፈይኔ የሚባሉ ሴት ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም።

"ብትታመሚ ማንን ልጥራ?"

 

"የሚጠራ ሰው የለኝም" አልኩ።

"እኔም እንደዚያው ነኝ። ልጆቼ ሩቅ ናቸው።" በሩን ከፈቱት። "ሴኒ" አሉኝ በኦሮምኛ፤ ግቢ ማለታቸው ነው። "አንድ ነገር ብቻ፤ በሩን ከውስጥ አትቀርቅሪው። ጠዋት መጥቼ አንኳኳለሁ። ካልመለስሽ እገባለሁ።"

"ሌባስ?"

"ሌባ ከእኔና ከአንቺ ምን ይወስዳል? ነጠላችንን?"

"የእርስዎስ በር?"

"አይቀረቀርም። ከቀደምሽኝ አንቺ ታንኳኪያለሽ።"

ክፍሉን ያዝኩት። በመጀመሪያው ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ነቅቼ ጋደም ብዬ ነበር። "አለሁ" አልኩ። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ላይ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ድለላውን አልተውኩም። ሥራውን ለምትጀምሩ የምነግራችሁ አንድ ነገር አለ። ለብቸኛ ሰው ቤት ስትፈልጉ፣ ኪራዩን ከመነጋገራችሁ በፊት ጠዋት በሩን የሚያንኳኳለት ሰው ግቢው ውስጥ መኖሩን አጣሩ።