ባዶ ቀለህ

የልጅ ልጄ የጋዝ ምድጃውን መለኮሻ ስትጫነው «ቀጭ» ይልና እሳት አይወጣውም። ያን ጊዜ ያደግኩባት ከተማ መቱ ትመጣብኛለች።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አርበኛው አባቴ ከቡና ማሳችን ጀርባ፣ ጉቶ ላይ ጣሳ አስቀምጠው በስድስት ጎራሽ ሽጉጣቸው ያስተኩሱኛል። ድምፁን ስለምፈራ ምላጩን ስስብ እጄ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጥይቱ አፈር ይመታል። እሳቸውም ሳያሳዩኝ ከጥይቶቹ መሃል ባዶ ቀለህ ይጨምሩበታል። ስስበው «ቀጭ» ብቻ ይላል፤ እጄ ግን እንደዚያው ይወርዳል።

«አየሽ? ያልተተኮሰ ነገር ነው ያስደነገጠሽ። ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ!»

«አባባ፣ ሴት ልጅ ተኩስ ምን ያደርግላታል?»

«እኔ በጦርነቱ አንድ ቀን እጄ ደንግጦ ወንድሜን ቀብሬያለሁ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

እጄ መደንገጡን በተወ በዓመቱ አባቴ ሞቱ። የአርበኛ ቀብር ነውና ጓደኞቻቸው ወደ ሰማይ ተኮሱ። ለቀስተኛው ሁሉ ክው አለ። እኔ ዓይኔን እንኳ አላርገበገብኩም። አክስቴ አፍጥጣ አየችኝና «አባቷን እየቀበረች! ይቺስ ልብ የላትም» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ አቅፋኝ አታውቅም።

ምድጃው በስንት መከራ ድው ብሎ ተቀጣጠለ። የልጅ ልጄ ወደ ኋላ ዘለለች፤ ከዚያ ዞራ አየችኝ።

«እማማ፣ አንቺ እኮ ምንም አያስደነግጥሽም!»

ማሞገሷ ነው።