ቤት የሚመታ ቤት

አክስቴ ከአባቴ ቀብር በኋላ አብራኝ ልትኖር ሻንጣዋን ይዛ የመጣች ቀን፣ ሳሎን ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጉልበቷን ገጥማ ግራና ቀኝ አየችና፣ «አሁን ማን ነው የሚጠራኝ?» አለች።

ለቀልድ ነው ያለችው፤ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። አባቴ የጨረታ ሰው ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ተዘጋ፣ አንድ ክሊኒክ ዕቃ ቀየረ ሲባል ከሰማ ከሥራ አስፈቅዶም ቢሆን ይሄዳል። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ከሱቅ የተገዛ ዕቃ ጥቂት ነው። አግዳሚው ከፍርድ ቤት የመጣ ነው፤ መደገፊያው ላይ በነጭ ቀለም «ለባለጉዳይ» ተብሎ ተጽፎበታል። ብርቱካናማዎቹ ወንበሮች የባንክ ነበሩ። ፈዛዛ አረንጓዴው ባለመስታወት ቁም ሣጥን የክሊኒክ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ያለውን «ካርድ እዚህ ይስጡ» የሚል ጽሑፍ አባቴ ሊያነሣው ፈጽሞ አልፈለገም። ሁሉም ግድግዳ ተደግፈው ወደ በሩ ይመለከታሉ። እንግዳ ሲገባ ዕቃው በሙሉ ያፈጥበታል።

አክስቴ ዕድሜዋን የጨረሰችው በሆቴል ላውንደሪ፣ በካውያ ሥራ ነው። መጀመሪያ በሠራተኞች ማደሪያ፣ በኋላ ደግሞ የሥራ ጓደኛዋ በምታከራያት አንዲት ክፍል ኖረች። ጓደኛዋን ሁሉም ሳሙኒት ነው የሚላት፤ እሷ አጣቢ፣ አክስቴ ተኳሽ ነበሩ። አንሶላው የሆቴሉ፣ ሸሚዙ የእንግዳው፣ መጋረጃው የሳሙኒት። አክስቴ በሕይወቷ አንድ መጋረጃ መርጣ አታውቅም።

«አልዋሽሽም» አለችኝ በመጣች ሳምንት። «አንቺን እወድሻለሁ። እዚህ ስቀመጥ ግን ተራዬን የምጠብቅ ይመስለኛል። ሳሙኒት ክፍሌን ለሰው አልሰጠችም፤ ሞክሪውና ንገሪኝ ብላኛለች። እየሞከርኩ ነው።»

እኔ ግን ገና በሳምንቱ፣ ከሥራ ስመለስ ቤቱ ውስጥ መብራት በርቶ ማግኘት ለምጄ ነበር።

ሰፈራችን ያለው የሙያ ማሠልጠኛ በሩ ላይ ማስታወቂያ የለጠፈው ያን ሰሞን ነው፤ «የቤት ውስጥ ዲዛይን መሠረታዊ ሥልጠና፣ ለማንኛውም ዕድሜ» ይላል። አክስቴ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ለማንኛውም ዕድሜ ያሉት እኔን እንዳያስቀይሙ ነው» አለችና ገብታ ተመዘገበች። የመጀመሪያው ቀን ላደርሳት ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ።

አሠልጣኟ ወጣት ናት፤ እጇ ጠመኔ በጠመኔ ሆኗል። ሰዉን አንድ በአንድ ምን እንደሚሠራ ጠየቀችና አክስቴ ዘንድ ደረሰች።

«እርስዎስ እናቴ፣ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ተኳሽ ነበርኩ።»

ዳቦ ቤት ያለው አንድ ወፍራም ሰውዬ ወንበሩን አዙሮ በአክብሮት አያት። «የት ግንባር ነበሩ እናቴ?»

«ሆቴል።»

«ሆቴል ውስጥ ማንን ነው የሚተኩሱት?»

«የመጣውን ሁሉ። አንገቱን አስቀድሜ፣ ቀጥዬ እጅጌውን።»

ሳቁ ሲበርድ አሠልጣኟ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። አንድ ክፍል ውስጥ ቀለም እንዴት እንደሚከፋፈል ነበር የምታስረዳው፤ አብዛኛውን የሚይዝ አንድ ቀለም፣ የሚያግዘው ሁለተኛ፣ ከዚያ ለዓይን ማረፊያ የሚሆን ትንሽ ሦስተኛ። «ቀለም ደግሞ ብቻውን ከቆመ ባይተዋር ይሆናል» አለች። «ራቅ ብሎ ሌላ ቦታ ላይ፣ ትንሽ ተለውጦም ቢሆን፣ መልሱ ይምጣለት።»

አክስቴ እጇን አወጣች። «ቤት ይምታ ነው የምትዪው።»

«ምን አሉኝ?»

«እንደ ግጥም። እኛ ካውያ ላይ ቆመን እንገጥም ነበር፤ አለዚያ ቀኑ አያልቅም።» ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ስተኩስ ዋልኩኝና እየተኮስኩ መሸ፣
የሰው ልብስ ተቃንቶ የእኔ ተበላሸ።

«አየሽ፣ ‹መሸ› ብቻውን ቢቀር ማን ያስታውሰዋል? ታች ‹ተበላሸ› ሲመጣለት ነው ሰው የሚሆነው። አንቺም ስለ ቀለም የምትዪው ይሄንኑ ነው።»

አሠልጣኟ ትንሽ አሰበችና ዞራ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈች፤ «ቤት ቤት ይምታ»። ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር ገለበጠው።

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴን ማስቆም አልተቻለም። የአውቶቡሱ ሾፌር መቀመጫው ላይ ያነጠፈው ሰማያዊ ጨርቅ ከበሩ ጠርዝ ጋር ቤት ይመታል፤ የመድኃኒት ቤቱ ምልክት ከምንም ጋር አይመታም። ሰው ደጃፍ ላይ ቆማ የተከፈተ ሳሎን አጮልቃ አየችና፣ «ምንጣፉ ጥሩ ጀምሮ ነበር፣ ሶፋው አበላሸበት» አለች። እጇን ይዤ ጎተትኳት።

ሳሎናችን ስትገባ ግን እየዞረች ዕቃውን በጣቷ ነካካችው። «ይሄ ሁሉ መጀመሪያ ስንኝ ነው» አለች። «ሁለተኛው ስንኝ የት አለ?»

ጠቡ የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ትምህርቱ፣ ክፍሉ ባዶ ይሁንና ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ ታይቶ ዕቃው አንድ በአንድ ይመለስ የሚል ነው። እኔ እምቢ አልኩ። የምሠራው ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው፤ የእኛ ሥራ የመጀመሪያው ሕግ፣ ሰነድ ባለቤቱ በተወው ቅደም ተከተል ይቀመጥ ነው። ይህንኑ ነገርኳት።

«ወንበር ሰነድ ነው?»

«የአባቴ ከሆነ፣ አዎ።»

የወንድሟም እንደሆነ ልትነግረኝ ትችል ነበር፤ አልነገረችኝም። ቆይታ፣ «እሺ። አንድም ዕቃ ከዚህ ቤት አይወጣም። ከቦታው ግን ይነሣል። ተስማማን?» አለች።

«የነበረበትን ፎቶ አንሥቼ።»

«ልብሽ እስኪደርስ አንሺው።»

«የአባባ ክፍል ደግሞ አይነካም።»

«አይነካም።»

ክፍሉን ከቀብሩ በኋላ ዘግቼው ነበር። ከሳሎኑ የሚለየው፣ አባቴ ራሱ ያቆመው የቺፑድ ግድግዳ ነው።

ዕቃውን ግቢ አውጥተን ባዶው ወለል ላይ ተቀመጥን። ሳሎኑ ጨለማ ነው። ያለችው አንዲት መስኮት የጎረቤት ግንብ ታያለች። አክስቴ ግን እንደ ሙሽራ ቤት ነው የምታየው። ግድግዳው የወተት ቀለም ይሁን፣ የአግዳሚው ቡናማ ይርዳው፣ የቁም ሣጥኑ አረንጓዴ ማረፊያ ይሁን አለች። ለወንበሮቹ ያንኑ አረንጓዴ የሚመስል ጨርቅ ገዝታ ልባስ ሰፋችላቸው፤ እያንዳንዱን ስፌት በካውያ ስትጫነው አፏ ውስጥ እየዘፈነች ነው። ከላያቸው የገፈፈችውን የባንኩን ብርቱካናማ ጨርቅም አልጣለችውም፤ ለአግዳሚው ትራስ ሠራችበት፤ የተረፈውን የመብራቱ ቆብ ዙሪያ ጠመጠመችው። «እሱም ጓደኛ ያስፈልገዋል» አለች።

ከዚያ ለቀለም ቀቢ ደወለች። አጠገቧ ነበርኩ። «በተለይ የማስበው የመሐለኛውን ግድግዳ ነው» አለችው። «ከዕቃው ጋር ቤት እንዲመታልኝ እፈልጋለሁ።»

«ይመታል እናቴ» አለ ሰውዬው። «ምንም አያስቡ።»

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። አክስቴ ሥልጠና ላይ ናት፤ እኔ ጓዳ ልብስ አጥባለሁ። የመሐለኛው ግድግዳ የቱ ነው ሲለኝ አሳየሁትና ወደ ልብሴ ተመለስኩ። ወዲያው ቤቱ ጓ አለ። አረፋ በአረፋ ሆኜ ሮጬ ስገባ፣ ሰውዬው ትልቅ መዶሻ ይዞ ቆሟል፤ ግድግዳው ላይ ራስ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«መምታት ነዋ።»

«ቀለም እንዲቀቡ እኮ ነው የተጠሩት።»

«እህቴ፣ ቀለም ከሆነ ቀባው ይባላል። እኔ ይመታ ነው የተባልኩት። ለዚህ ስል መዶሻ ተውሼ መጣሁ።»

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ግን በቀዳዳው ብርሃን እየገባ ነበር። የአባቴ ክፍል መስኮት በፀሐይ መውጫ በኩል ነው፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ ፀሐይ እንደሚገባ ረስቼው ነበር። ብርሃኑ በሳሎኑ ባዶ ወለል ላይ ተዘርግቶ በሩ ድረስ ደርሷል። በቀዳዳው አጎንብሼ አየሁ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ከጨረታ ያመጣቸው ትንንሽ ዕቃዎች መስኮቱ ሥር እንደ ደረደራቸው ናቸው፤ የባንክ ደወል፣ የፖስታ ቤት ሚዛን፣ የማይሠራ የጠረጴዛ ሰዓት።

አክስቴ የሠራችውን ንድፍ ብብቷ ሥር አድርጋ ገባች። ቀዳዳውን አየች፤ መዶሻውን አየች፤ ነገሩ ሲገባት አፏን በእጇ ያዘችና እኔን ተመለከተች። መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ከዚያ እሷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ትንፋሿ ሲመለስ ኮስተር አለች። «አይነካም ብዬሽ ነበር። ከፈለግሽ ዛሬውኑ ይደፈናል።»

ብርሃኑ እግሬ ላይ ነበር። «ምን ያህል ቢሰፋ ይሻላል?» አልኳት።

አክስቴ ንድፏን ገልብጣ በጀርባው መሣል ጀመረች። ቀለም ቀቢው መዶሻውን አንሥቶ ወደ ሁለታችንም አየ። «አሁን በደንብ ንገሩኝ፤ ይመታ ወይስ ይቀባ?»

«መጀመሪያ ይመታ፣ ከዚያ ይቀባ» አለችው።

በሚቀጥለው ሳምንት ግድግዳው ላይ ሰፊ ክፍት ተሠራ፤ ጠርዙ አረንጓዴ፣ ታቹ መደርደሪያ። ደወሉን፣ ሚዛኑንና ሰዓቱን እኔው ራሴ በነበሩበት ተራ እዚያ ላይ ደረደርኳቸው። ወንበሮቹ ከግድግዳው ተላቀው ክብ ሠርተው እርስ በርስ ይተያያሉ። አግዳሚው ፊቱን ከበሩ መልሷል። «ለባለጉዳይ» የሚለውን ልትፍቀው ነው ብዬ ስሰጋ፣ አክስቴ ቀጭን ብሩሽ ይዛ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አረንጓዴ ቀባቻቸው።

ሳሙኒት መልስ ልትሰማ የመጣች ቀን፣ ገና ከመግባቷ ጫማዋን አውልቃ አግዳሚው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ትራሱን ወገቧ ሥር አደረገች። ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ የባንኩን ደወል መታችው።

«ሠራተኛ የለም እንዴ እዚህ ቤት?»

«ተይ ደወሉን» አለቻት አክስቴ። «እዚህ ማንም ማንንም አይጠራም።»

ጓዳ ሆኜ ውሃ እየቀዳሁ ነበር።

«እና ክፍሉን ምን ላድርገው?» አለች ሳሙኒት። «ሰው እየጠየቀኝ ነው፤ ቁርጡን ንገሪኝ።»

ብርጭቆው ሞልቶ በእጄ ላይ ፈሰሰ።

«ለባለጉዳይ ስጪው» አለች አክስቴ። «የእኔ ተራ ደርሷል።»

«አፍሽን ያዢ፤ እንዲህ የሚባለው ለሞት ነው።»

«ለዚህም ይባላል።» አክስቴ ወንበሯ ላይ ዞር ብላ በጓዳው በር በኩል ወደ እኔ አየች። «አንቺ ልጅ፣ ውሃውን እንደያዝሽ ነይ ተቀመጪ።»